ክብርት ሀኒፋ፣ ከአምጃዷ የፊት ወንበር

በየሰፈሩ ያየውን ሁሉ ካልተናገረ የሚታመም አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ እየደበደባችሁ «ዝናብ ነው እኮ» ይላችኋል። እንቅፋት መትቷችሁ እያነከሳችሁ «እንቅፋት መታህ?» ይላችኋል። እንዲህ ካለ ሰው ሸሽታችሁ አገር ብትለቁ ቀድሟችሁ ደርሶ ይጠብቃችኋል። እኔን ካርቱም ላይ የጠበቀችኝ ክብርት ሀኒፋ ናት፤ የወሎዋ ሀኒፋ።

ሀኒፋ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። ለሥራዋ እንከን አይወጣላትም፤ ግን ከሦስት ቤት በምላሷ ተባራለች። በመጀመሪያው ቤት እንግዳ ፊት «እመቤቴ፣ ቀሚስዎ ከኋላ ተተርትሯል» አለች። በሁለተኛው ባልየው በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ሲገባ «ባባ መጡ፣ ሲጋራ ሲጋራ ይላሉ» ብላ ለሚስትየዋ አወጀች። የሦስተኛውን እሷም አትናገረውም። ሀኒፋ ያልተናገረችው ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ገምቱ።

አራተኛው ቤት ጀብራ የሚባለው ሰፈር፣ ሲት ማለትም እመቤት ሉጥፊያ ዘንድ ነበር። ሲት ሉጥፊያ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው፤ በዓይን ግፊት ብርሃናቸውን ካጡ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። ሀኒፋ በገባች ዕለት መስኮት እየወለወለች ለራሷ ታወራለች፦ «ጎረቤት ያሰጣችው አንሶላ ዳር ዳሩ ተበልቷል። ድመት ከሥሩ ተኝታለች። ድመቷ አንድ ጆሮ የላትም።» ሲት ሉጥፊያ ከተኙበት ቀና አሉ።

«የቱ ጆሮዋ ነው የሌለው?»

«ግራው፣ ሲቲ።»

«ቀጥዪ፣ ልጄ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ከተማውን ለማየት መውጣት ሆነ። ሹፌሩ እኔ ኑርሁሴን ነኝ፤ መኪናዋ አምጃድ የምትባለዋ ሚጢጢ ታክሲ። ወሬው ሲዳረስ ሁለት ሰዎች ተጨመሩ፦ ከተወለዱ ጀምሮ የማያዩት የዑድ ሙዚቃ መሣሪያ አስተማሪ ኡስታዝ ሀሰንና፣ ጥላና ብርሃን ብቻ የምትለይ አብራር የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ክብርትነታቸው ሀኒፋ ከፊት ወንበር ተሰይመው ይመራሉ። «የላ፣ እንሂድ! በግራ፣ ሐብሐብ ሻጩ ሐብሐቡን ተንተርሶ ተኝቷል። በቀኝ፣ ፖሊሱ ሻይ ይጠጣል፤ ፂሙ ላይ ስኳር አለ። ኑርሁሴን መታጠፊያውን አለፈው።» የመጨረሻውን ቢተዉት ምን ነበረበት?

አንድ ዓርብ ከሙዚየሙ ግቢ ውስጥ የቆመች ጥንታዊ የድንጋይ እንቁራሪት ሊጎበኙ ሄዱ። ዘበኛው «መምኑዕ! መንካት ክልክል ነው» አለ። ክብርትነታቸው ወገባቸውን ይዘው «አንተ በዓይንህ ስትነካት ማን ከለከለህ?» አሉት። ዘበኛው መልስ ሲፈልግ ኡስታዝ ሀሰን የእንቁራሪቷ ጀርባ ላይ ደርሰው ነበር። ስንወጣ ዞር ብዬ ባይ ዘበኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሆዷን ይዳብሳል።

በክረምት ደግሞ ነጩና ሰማያዊው አባይ የሚገናኙበት ሙግራን ላይ ጀልባ ያዝን። ኡስታዝ ሀሰን «ሰማያዊ የሚሉት እንዴት ያለ ነው?» ብለው ጠየቁ። ሀኒፋ «ስም ብቻ ነው ኡስታዝ፤ ዛሬ ሰማያዊ የሚባል የለበትም። እጅዎን ይንከሩ» አለች። ነክረው ጣታቸውን አሹ።

«ይሻክራል።»

«አፈር ነው፤ ወላሂ የወሎ አፈር። አጎቴ እርሻዬን ጎርፍ ወሰደው እያሉ የሚያለቅሱበት እሱ ነው።»

ኡስታዝ ሀሰን እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ እንደጨበጡ ቤታቸው ገቡ።

ታዲያ ከዓርቦቹ በአንዱ ሲት ሉጥፊያ «ዛሬ ኡምዱርማን፣ የተወለድኩበት ቤት ውሰዱኝ። በሩ አረንጓዴ ነው» አሉ። መንገዱን አንድ በአንድ ነግረውኝ ከቦታው አደረሱኝ። ቤቱ የለም። በቦታው ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል።

ወደ ሀኒፋ ጠጋ ብዬ በአማርኛ አንሾካሾክሁ፦ «በሩ አረንጓዴ ነው በያቸው። ምን ትጎጃለሽ? ደስ ብሏቸው ይመለሱ።»

ሀኒፋ ዝም አለች። ካወቅኋት ጀምሮ ዝም ስትል ያየሁት የዚያን ዕለት ነው።

«ከዚህም ቤት ልትባረሪ ነው» ብዬ ጨመርኩላት።

ወርዳ የመኪናዋን በር ከፈተችና የሲት ሉጥፊያን እጅ ያዘች። «ሲቲ፣ ቤቱ የለም። ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው። ከሥሩ ስልክ የሚጠግኑ ልጆች አሉ። አረንጓዴ በር አላየሁም። ከአሮጌው የተረፈ ካለ ልፈልግ?» ሳይመልሱላት ሕንፃውን ዞረች። ተመልሳ መጥታ ወደ ጓሮ መራቻቸው። «የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እስከ ወገብ ብቻ ቀርቷል። ቆሻሻ ደፍተውበታል፤ ቀሚስዎን ይሰብስቡ።»

ሲት ሉጥፊያ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ብዙ ቆዩ።

«ዘመዶቼ ሦስት ጊዜ አምጥተውኛል» አሉ። «ሦስቱም ‹በሩ እንዳለ ነው› አሉኝ። ሲሚንቶው ይሸተኛል፣ ከላይ ከፎቅ ሰው ሲያወራ እሰማለሁ፤ ግን አመስግኜ እመለሳለሁ። ቤቴ መፍረሱን በአፉ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

«እያለቀሱ ነው» አለች ሀኒፋ፣ ለኡስታዝ ሀሰንና ለአብራር። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «እኔም» አለች። ኡስታዝ ሀሰን በለቅሶው ድምፅ ተመርተው መጥተው የሲት ሉጥፊያን ትከሻ ያዙ።

ስንመለስ ሀኒፋ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም። ይህችን ሴት ዝም አሰኝልኝ ብዬ ስንት ዓርብ ዱዓ ያደረግሁት ሰውዬ፣ ድልድዩን እስክንሻገር እንኳ መታገስ አቃተኝ።

«ሀኒፋ፣ በቀኝ በኩል ምን አለ?»

ዘወር ብላ አየች። «አንድ ሰውዬ በብስክሌት ፍየል ጭኗል። ፍየሏ ምንም አልመሰላት።»

«መልኳስ?» አሉ ሲት ሉጥፊያ ከኋላ።

በቀደም ጃፋር የሚባል የሙያ ባልደረባዬ ዓርብ ዓርብ ሠርገኛ የማመላለስ ደህና ሥራ ይዞልኝ መጣ። «ዓርብ መኪናዋ ታማለች» አልኩት።

«ሁልጊዜ ዓርብ?»

«ሁልጊዜ።»

መኪናዋ ምንም አልሆነችም። ለሀኒፋ ግን አልነገርኳትም፤ ከነገርኳት፣ ጆሮዬ እንዴት እንደቀላ ጭምር ለተሳፋሪው ሁሉ ታስረዳለች።