የጭላዳውን ፊልም መቆራረጥ ለማስቀረት የተደረገ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ደባርቅ፣ አዲሱ የጎብኚዎች አዳራሽ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 3:00 ተብሎ 4:10

የተገኙ፦
1. አቶ የሺዋስ፣ ሰብሳቢ
2. መሪጌታ ወልደ ገብርኤል፣ የአገር ሽማግሌዎች ተወካይ
3. አቶ ደርቤ፣ የበቅሎ አከራዮች ማኅበር ተወካይ
4. ወ/ሮ ሐመልማል፣ ጸሐፊ
ያለ ድምፅ የተገኘች፦ ወ/ሪት ትሕትና፣ የፊልም ማጫወቻውን ፕሮግራም የጻፈች

ከሰባት አባላት አራቱ በመገኘታቸው ምልአተ ጉባኤው ተሟልቷል። አቶ ደርቤ በቅሏቸውን ሊያዩ ሁለት ጊዜ ስለወጡ ግን ሁለት ጊዜ ጎድሎ ሁለት ጊዜ ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ፊልሙ ለምን እንደሚቆራረጥ

ሰብሳቢው አዳራሹ ቅዳሜ እንደሚመረቅ፣ ስለ ሰሜን ተራሮች ፓርክና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ የተነሳው ፊልም ግን መሐል ላይ እየቆመ እንደሚዘል ገልጸው፣ እስከ ነገ ካልተስተካከለ የትሕትና ፕሮግራም ተጥሎ ከውጭ ባለሙያ እንደሚመጣ አስታወቁ። ትሕትና አምስት ወር የደከመችበት ሥራ መሆኑን ተናገረች። ድምጿ ተንቀጥቅጧል፤ ይህ የተመዘገበው ጸሐፊዋ አጠገቧ ስለተቀመጠች ነው።

ትሕትና ቀጥላ ፊልሙ ፎርኬ (4K) የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው በመሆኑ እያንዳንዱ ምስል ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነጥብ እንዳለው፣ ፕሮግራሙም ለእያንዳንዱ ምስል ምስል በሚያሳየው የኮምፒውተሩ ክፍል፣ በግራፊክስ ካርዱ ላይ አዲስ ቦታ እየጠየቀ፣ ምስሉ እዚያ ተቀድቶ እስኪያልቅ ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ ድምፁ ጥሎት እንዳይሄድም የዘገዩትን ምስሎች እንደሚዘል አስረዳች። መፍትሔው ሁለት ቦታ አስቀድሞ ይዞ፣ ካርዱ ከአንደኛው ምስል ሲያነሳ ሁለተኛውን መሙላት፣ እንዲህ እያፈራረቁ መቀጠል ነው አለች።

አጀንዳ 2፦ ሁለት ቦታ ስለመያዝ

አቶ ደርቤ አጥብቀው ተቃወሙ። "በእኛ ማኅበር የሄደችው በቅሎ ከጨነቅ ካምፕ ሳትመለስ ሌላዋ አትጫንም፤ ተራ ማለት ይኸ ነው። ምስሉ ከማን በልጦ ነው ሁለት ቦታ የሚይዘው?" ሲሉ ጠየቁ። ትሕትና ምስሉ የማኅበሩ አባል አለመሆኑን ስትመልስ፣ እንግዲያውስ አባል ሆኖ ደንቡን ያክብር አሉ።

መሪጌታ ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ እኛ ማሕሌት ስንቆም ቀኝና ግራ ሆነን ነው። ቀኙ ሲያዜም ግራው ይሰናዳል፤ ቀኙ ሲያበቃ ግራው ይቀበላል። አንድ ወገን ብቻ ብንሆን ትንፋሻችንን እየጠበቅን ዜማው በተቆራረጠ ነበር። የምትይው ይኸን አይደለም?" ትሕትናም "እንዲያውም ከእኔ አሳምረው ተናገሩት" አለች። አቶ ደርቤ "በቅሎ አታዜምም" ብለው ወጡ።

ሰብሳቢው ጭላዳዎቹ ቀስ ብለው እንዲሄዱ ተደርጎ ፊልሙ እንደገና ይቀረጽ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ጭላዳዎቹን ማን እንደሚያግባባ ስላልታወቀ በይደር ተያዘ።

አቶ ደርቤ ተመልሰው ከገቡ፣ ረጅም ውይይትም ከተደረገ በኋላ ሁለቱ ቦታዎች "ቀኝ" እና "ግራ" ተብለው እንዲሰየሙ፣ ምስሉም በበቅሎ አከራዮች መዝገብ በክብር አባልነት እንዲሰፍር ተወሰነ።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ትሕትና ክርክሩ ሲካሄድ አስተካክላ ጨርሳ ስለነበር ፊልሙን አስጀመረች። አንድም ጊዜ ሳይቆም ሄደ። የጭላዳው ፀጉር በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ይታያል። አቶ ደርቤ የተራውን ደንብ ረስተው "እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ። ጸሐፊዋም ደስ ብሏታል።

በአራተኛው ደቂቃ፣ ፕሮግራሙ እስከ ዛሬ ሲዘለው በኖረው ቦታ፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ የሚግጡ በጎች ታዩ። ከኋላቸው እየጠበቋቸው ድንጋይ ላይ የተቀመጡት፣ በክረምቱ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ "በፓርኩ ውስጥ ያጋጠ ይቀጣል" ሲሉ የከረሙት ሰብሳቢያችን ናቸው። ምስሉ ጥራት ስላለው የወርቅ ጥርሳቸው ሳይቀር ይለያል። መሪጌታ መነጽራቸውን ጠርገው "የሺዋስ፣ አንተ አይደለህም እንዴ?" ብለው ጠየቁ። ሰብሳቢው ሰውና ሰው እንደሚመሳሰል አስረዱ።

አጀንዳ 4፦ ሰብሳቢው በድንገት ያስያዙት

ሰብሳቢው ፍጥነት ለጎብኚ ዓይን እንደማይስማማ፣ መቆራረጡም ለማሰላሰል ፋታ እንደሚሰጥ አብራርተው፣ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ጠየቁ። አቶ ደርቤ የተራ ደንብ ተከበረ ብለው ደገፉ። መሪጌታ ሳቅ ስላሸነፋቸው ድምፅ አልሰጡም። ጸሐፊዋ ተቃወመች።

በሁለት ለአንድ ድምፅ የቀደሙት ውሳኔዎች በሙሉ ተሽረው ፊልሙ እንደ ድሮው እንዲቆራረጥ ተወሰነ። ከውጭ ባለሙያ ማምጣቱም ቀርቷል፤ እሱም እንዳያፈጥነው ተሰግቷል።

ትሕትና "በገዛ እጄ ሥራዬን አላበላሽም። አበላሺ ካላችሁኝ የዛሬው ቃለ ጉባኤ ተፈርሞ ይሰጠኝ" አለች። ሰብሳቢው የበጎቹ ነገር እንዳይጻፍ አሳሰቡ። ጸሐፊዋ ማሳሰቢያቸውንም ጽፋለች።

ስብሰባው 7:25 ላይ ተበተነ።

የሰብሳቢው ፊርማ፦ አልፈርምም ብለዋል።
ማስታወሻ፦ ትሕትና ፊርማውን እየጠበቀች ነው። ፊልሙም ሳይቆራረጥ እየሄደ ነው።