የተንታኝ መራጭ ኮሚቴው ታላቅ ጥንቃቄ

ቁም ነገር ያለው ሥራ ሁሉ በኮሚቴ ይጀመራል። የመጨረሻ ዓመት የኮምፒውተር ተማሪዎቹም ከሥራው በፊት ኮሚቴ ማቋቋማቸው የብስለታቸው ምልክት ነው። የመመረቂያ ሥራቸው ጀማሪ ተማሪ የጻፈውን ኮድ አንብቦ የቱ ጋ እንደተሳሳተ በገዛ ቋንቋው የሚነግር ፕሮግራም ሲሆን፣ ኮዱም ለማንም ክፍት ሆኖ በነጻ ይሰጣል። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮዱን ቆራርጦ ምኑ የምን እንደሆነ የሚለይ መሣሪያ፣ ማለትም ተንታኝ። ተንታኝ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። አንዱን አንስቶ መጠቀም ይቻል ነበር፤ እንዲህ ያለው ችኮላ ግን ለተራ ሰው ነው።

ሊቀመንበሩ "ምርጫችን ግልጽ፣ አሳታፊና መጪውን ትውልድ ታሳቢ ያደረገ ይሆናል" ሲል አቅጣጫ አስቀመጠ። አቅጣጫው ተቀመጠ፤ ኮሚቴውም አብሮ ተቀመጠ። የቤተ ሙከራውን ሰፊ ጠረጴዛ ይዘው "ፍጥነት ይቅደም ወይስ አስተማማኝነት" ሲሉ ሴሚስተሩ ተጋመሰ። ሊቀመንበሩ ዓምና በዚሁ ሥራ ወድቆ የደገመ ነው፤ ዘንድሮ ካልተሳካለት ይሰናበታል። እናቱ ይህን አታውቅም፤ ለምረቃው የምትለብሰውን ቀሚስ አሰፍታ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላለች። ቀሚሱ ትዝ ባለው ቁጥር ስብሰባ ይጠራል።

ከአባላቱ አንዱ፣ ነገር ከማብዛቱ የተነሳ "ጥንቁቁ" የሚል ስም የወጣለት፣ ተንታኞቹን በወሬ ማወዳደር ሳይንሳዊ እንዳልሆነ አሳሰበ። ትክክለኛው መልስ ሳይታወቅ የተሳሳተው በምን ይለያል? እውነቱን ነው ተባለ። ሊቀመንበሩም የተማሪ ኮድ አንብቦ፣ በወጉ ቆራርጦ፣ የተንታኞቹን መልስ የሚያርም መመዘኛ ፕሮግራም ቁጭ ብሎ ጻፈ። መመዘኛው የሁሉንም ስሕተት አንድ በአንድ አወጣ፤ እሱ ግን አንድም ቦታ አልሳተም። ኮሚቴው በጭብጨባ ተቀበለው፤ ኮዱንም እንደ ደንባቸው ኢንተርኔት ላይ ለሕዝብ ለቀቁት። ከዚያ የማይሳሳት ተንታኝ በመጥፋቱ እያዘኑ ፍለጋቸውን ቀጠሉ።

አማካሪ መምህርቷ ሥራው ከምን እንደደረሰ ሊያዩ መጡ።

"ይሄ መመዘኛችሁ ኮዱን የሚያነበው በምንድን ነው?"

"እኔው በጻፍኩት ተንታኝ ነው፣ መምህርት" አለ ሊቀመንበሩ።

"ታዲያ እሱን አትጠቀሙበትም?"

ሐሳቡ በአጀንዳ ተያዘ። በስብሰባው ላይ ጥንቁቁ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እንዳትቀየመኝ ወንድሜ፣ ግን እኮ አንተን እናውቅሃለን። ትናንት ቻርጀር ረስተህ የኔን ስትለምን ነበር። አንተ የጻፍከውን እንዴት አምነን እንቀበላለን?"

ሊቀመንበሩ ነገሩን ከሁሉም አቅጣጫ አይቶ ተስማማ። በገዛ ሥራው ላይ እጁን አወጣ፤ ተንታኙም በሙሉ ድምፅ ወደቀ። እንዲህ ያለ ገለልተኝነት በዚህ ዘመን ብርቅ ነው።

ማቅረቢያው ሲቃረብና ሁሉም እንቅልፍ ሲያጣ፣ ጥንቁቁ ላፕቶፑን ታቅፎ እየሮጠ ገባ። ከባሕር ማዶ የተለቀቀ አዲስ ተንታኝ አግኝቷል። አርማው ንስር ነው፤ ስሙን ለመጥራት ምላስ ይታሰራል፤ ስለዚህ ጥራቱ አያጠራጥርም። በመመዘኛው ፈተኑት፤ እንከን ጠፋበት። ሊቀመንበሩ ኮዱን ከፍቶ ማንበብ ሲጀምር መስመሩ ሁሉ የሚያውቀው ሆነበት። ከግርጌው "የመጀመሪያው ጸሐፊ" ከሚለው ሥር የራሱ ስም ከነአባቱ ተጽፏል። የወሰደው ሰው ጨዋ ነው፤ ንስሩንና ስሙን ጨመረ እንጂ የደበቀው ነገር የለም።

ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጡበት። ልናገር ብሎ አፉን ከፈተ፤ እናቱን አሰበና መልሶ ገጠመው። የማን ሥራ እንደሆነ ካወቁ እንደገና በሙሉ ድምፅ ይጥሉታል። ማንም ወደ ግርጌው ሳይወርድ ገጹን ዘጋና "በእኔ በኩል ተቃውሞ የለም" አለ። ጸደቀ። ፕሮግራሙ ሠራ፤ በማቅረቢያውም ቀን ሁሉም አለፉ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ጥንቁቁ የሊቀመንበሩን ትከሻ አቀፈ።

"አየህ፣ ሥራ ማለት ይሄ ነው። አንተም እኮ ብትበረታ አንድ ቀን እንደዚህ ትጽፋለህ።"

"እበረታለሁ" አለ ሊቀመንበሩ።