ሽልማቱ እንዴት እንደሚከፈል የሚያውቁት ሰው

ሁሉን የሚያውቅ አጎት የሌለው ቤተሰብ በምድር ላይ የለም። እኛ የለንም የሚል ከተገኘም፣ ወይ አጎትየው ለጊዜው መንገድ ላይ ናቸው፣ ወይ ቤተሰቡ እንግዳ ፊት ሊያወጣቸው አፍሮ ነው። እኚህ አጎት ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ይሽራሉ። መካኒክ የፈታውን ሞተር ራቅ ብለው ቆመው ይመረምራሉ። ዛሬ ይዘንባል ሲባል "ወሬ ነው" ብለው ጃንጥላቸውን ትተው ይወጣሉ፤ በስብሰው ሲመለሱም የተሳሳተው ዝናቡ ነው።

የታሪካችን ባለቤት የሆነችው ልብስ ሰፊ አጎት የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ነበሩ ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሥራቸው የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ቆጣሪ አንባቢ ደግሞ የማይገባበት ግቢ የለም፤ የዳኛውም፣ የነጋዴውም፣ የባለሥልጣኑም በር ይከፈትለታል። እሳቸው ታዲያ አጎንብሰው ቁጥር ሲያነቡ ዐይናቸው ብቻ ነው የመንግሥት ሠራተኛ፤ ጆሯቸው የግላቸው ነው። ማታ ሲመለሱ ወሬያቸውን ሁሉ የሚከፍቱት በአንድ ቁልፍ ነበር፤ "ይሄን ከውስጥ ነው የሰማሁት።" ከዚህ የተነሳ ዘመድ አዝማዱ ስማቸውን ትቶ "ጋሽ ከውስጥ" ይላቸዋል። እሳቸውም ማዕረግ መስሏቸው ይኮሩበታል።

ክቡርነታቸው በብዙ ዘርፍ የተመራመሩ ቢሆኑም፣ ልዩ ሙያቸው የቴሌቪዥን ተሰጥኦ ውድድር ሽልማት አከፋፈል ነበር። እሁድ እሁድ ቤተሰቡ በታላቅ እህታቸው ሳሎን ተሰብስቦ የዘፈን ውድድር ሲያይ፣ እሳቸው ዘፈኑን አይሰሙም። ዘፋኙ ዐይኑን ጨፍኖ አንጀት ሲበላ፣ እሳቸው የዳኞቹን ወንበር ዋጋ ይተምናሉ። አሸናፊው ታውቆ፣ በር የሚያህል ቼክ ወጥቶ፣ ፊኛ ከጣሪያ ሲዘንብ ነው ተራቸው የሚደርሰው።

"ካርቶን ነው!" ይላሉ ከተቀመጡበት ብድግ ብለው። "አንድ ሚሊዮን ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን! እስቲ ባንክ ይዞት ይሂድ፤ በበሩም አይገባለት።"

"ታዲያ ገንዘቡ የት ይገባል?" ይላል አንድ የዋህ ዘመድ።

"በሠላሳ ዓመት ነው የሚከፍሉት፤ ጠብ ጠብ እያደረጉ። ሥጋው ሲደርስ ጥርሱ ያልቃል። ከዚያም ላይ ግብሩ አለ፣ ፀጉር ሠሪዋ አለች፣ የመብራቱ አለ። ይሄ የምታዩት ፊኛ እንኳ ከእሱ ላይ ነው የሚቆረጠው። ከውስጥ ነው የሰማሁት!"

"አንተ ልጅ፣ እስቲ ሰው ያዳምጥበት፤ ተቀመጥ" ይላሉ ታላቅ እህታቸው። ጋሽ ከውስጥ ሙሉ ሽበት ናቸው፤ ይሁንና እህታቸው ዘንድ ዛሬም ልጅ ናቸው። ይቀመጣሉ። እስከሚቀጥለው ፊኛ።

ልብስ ሰፊዋ የእኚህ እህታቸው ልጅ ናት። በገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች፣ የሙሽራ ቀሚስ ትሰፋለች። ስትሰፋ ደግሞ ትዘፍናለች። የስፌት መኪናው ሲፈጥን ዘፈኑ ይፈጥናል፤ ኮሌታ ላይ ስትደርስ ዜማው ይረዝማል። ልብሱ ያለቀለት ደንበኛ እንኳ "ትንሽ ልረፍ" እያለ በርጩማው ላይ ይቆያል። አንድ ቀን የክፍሉ ባለቤት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመና፣ "ልሸጠው ነው። አንቺ የቆየሽበት ስለሆነ ቅድሚያው ያንቺ ነው፤ ካልሆነልሽ ግን ሌላ ገዢ አለኝ" አላት። በዚያው ሳምንት ሄዳ ለውድድሩ ተመዘገበች። ለማንም አልተናገረችም። ለአጎቷ ብትነግራቸው ኖሮ ገና አንድ ስንኝ ሳትዘፍን የፊኛውን ዕዳ እንደሚያሸክሟት ታውቃለች።

የመጀመሪያው ዙር አስቀድሞ የተቀረጸ ስለነበር፣ በተላለፈበት እሁድ እሷ ራሷ ቤት ነበረች። የወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፋ ቆመች፤ ዐይኗ ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ሳይሆን አጎቷ ላይ ነበር። እሳቸው ሞቅ ብሏቸዋል።

"አሁን ይቺን የምትወጣዋን ምስኪን ተመልከቱ" አሉ መድረኩ ገና ጨለማ ሳለ። "ቤተሰብ የላትም ማለት ነው። ቢኖራት አንድ የሚያውቅ ሰው፣ 'ተይ ልጄ፣ ይቅርብሽ' ይላት ነበር።"

መብራቱ በራ። ምስኪኗ የእህታቸው ልጅ ሆና ተገኘች።

እናቷ ጩኸታቸውን አቀለጡት። ጋሽ ከውስጥ ግን እጃቸው እንደተዘረጋ፣ አፋቸው እንደተከፈተ ቀሩ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ያ አፍ አልተከደነም። ዳኞቹ ብድግ ብለው ሲያጨበጭቡ ነው ነፍስ የዘሩት። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ድምፅ እንዳላት መጀመሪያ ያወቅሁት እኔ ነኝ" አሉ ዙሪያቸውን እያዩ። "ያኔ ተወልዳ ስታለቅስ።"

ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማቸው! በየግቢው ቆጣሪ ከማንበባቸው በፊት "ለልጄ ድምፅ ሰጥታችኋል?" ማለት ጀመሩ። ድምፅ ያልሰጠ ሰው ቆጣሪው ሊፈጥንበት ይችላል ብለው አስፈራርተዋል ተብሎም ተወራ። እሳቸው ግን፣ "እኔ ያልኩት ቆጣሪ አንዳንዴ ይፈጥናል ነው። ይህ ደግሞ ሳይንስ ነው" ብለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በሳይንስም ይሁን በድምፅዋ፣ ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻውን ዙር አሸነፈች። ካርቶኑ ወጣ፤ ፊኛው ዘነበ።

ዘመድም ዘነበ። የጭነት መኪና ሊገዛ ያሰበ የአክስት ልጅ መጣ። ጥርስ ማስተከል ያማራቸው አክስት መጡ። ምንም የማይፈልግ፣ "እንዲያው ልያት ብዬ ነው" የሚል፣ ግን ወንበር ይዞ የማይነሳ ሰውዬ መጣ። እሷ በሐሳቧ የምታየው ያችን ጠባብ ክፍል ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ የሰጣት ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል።

ክፍያውን ለመነጋገር ጣቢያው ሲጠራት አጎቷ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በሯ ላይ ቀድመው ቆሙ። "ብቻሽን አትሄጂም። እዚያ ቤት እኔን የማያውቅ የለም" አሏት። ታክሲው ዋናው በር ላይ ሲያወርዳቸው ግን በልማድ አጥሩን ዞረው ወደ ኋላ በር ወሰዷት። ዘበኛው ገና ሲያያቸው፣

"ጋሼ፣ የዚህ ወር ቆጣሪ ተነቧል እኮ! ምነው ከረባት?" አላቸው።

ልብስ ሰፊዋ ግቢውን አየች። መታጠቢያ ቤቱ ጎን፣ ቧንቧው ሥር፣ ቆጣሪው አለ። ቆጣሪው ፊት ለፊት የዘበኛው አግዳሚ ወንበር አለ። ያን ሁሉ ዓመት "ውስጥ" ሲባል የኖረው ይሄ አግዳሚ እንደሆነ ገባት። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተከተለቻቸው።

የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ ረጋ ያለች፣ ጨዋ ሴት ነበረች። እንኳን ደስ ያለሽ ብላ አስቀመጠቻቸውና አስረዳች። "ሽልማቱ በሁለት መንገድ ይከፈላል። ሙሉውን አንድ ሚሊዮን ከፈለግሽ፣ በየዓመቱ እኩል እየተከፋፈለ በሠላሳ ዓመት ይሰጥሻል። አሁን በአንዴ ከፈለግሽ ደግሞ ከግማሽ ያነሰ ነው፤ ግብሩም ከእሱ ላይ ይነሳል። ፕሮግራሙ ሲያልቅ በታች በኩል በትንንሽ ፊደል ይታያል እኮ።"

ልብስ ሰፊዋ ወደ አጎቷ ዞረች፤ "አላልኩም!" እስኪሏት ጠበቀች። ይህች የዕድሜ ልካቸው ቀን ናት። ክቡርነታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ሆነው ተገኝተዋል።

እሳቸው ግን ፊታቸው ቀለሙ እንደለቀቀ ጨርቅ ሆኗል።

"ስንት ዓመት አልሽ?" አሉ።

"ሠላሳ።"

"ሠላሳ?"

"አዎ አባት፣ ሠላሳ።"

"የለም፣ ተሳስታችኋል እህቴ" አሉ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው እየሳቡ። "ሠላሳ ዓመት የሚባለውን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት።"

"ምን አሉኝ?"

"ከአፌ የወጣ ቁጥር ነው! እሁድ ማታ፣ ለጨዋታ! እንዲህ ያለ ነገር በእውነት ይኖራል ብዬ ነው? በይ እስቲ አለቃሽን ጠይቂልኝ።"

"አባት፣ ውሉ ላይ ያለ ነው። አለቃዬም የሚነግሩዎት ይህንኑ ነው።"

ጋሽ ከውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፊኛውስ?" አሉ።

"የምን ፊኛ?"

"ፊኛውም ከእሷ ላይ ይቆረጣል?"

"ኧረ ፊኛ አይቆረጥም!"

"ተመስገን" አሉና ከረባታቸውን ፈታ አደረጉ።

ልብስ ሰፊዋ የምታስብበት ትንሽ ጊዜ ጠየቀችና ወጥተው ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰው በአጠገባቸው ይወጣል ይወርዳል፤ አንዳንዱ እያወቃት "እንኳን ደስ ያለሽ!" ይላታል፤ እሷም ለማመስገን ፈገግ ትላለች። ፈገግታው ሲያልፍ ዐይኗ እንባ አቀረረ።

"ጋሼ፣ ምን ላድርግ?"

"አላውቅም ልጄ" አሉ።

ቀና ብላ አየቻቸው። ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታው አታውቅም፤ ቤተሰቡም ሰምቶት አያውቅም። እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው ወለሉን ያያሉ። "እኔ ያመጣሁት መሰለኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ባላወራው ኖሮ የማይኖር መሰለኝ።"

ያኔ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋም አብሮት። "ጋሼ ደግሞ! እንዲህ ያለ ብልጠትማ እርስዎ ሳይወለዱም ነበር።"

"እንጃ። እኔ ዛሬ አፌን ፈርቼዋለሁ። አንቺው ተናገሪ።"

ልብስ ሰፊዋ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "ሠላሳ ዓመት ቆይቶ የሚመጣው ገንዘብ ብዙ ነው። ክፍሉ ግን ሠላሳ ዓመት አይጠብቀኝም። በአንዴ ይስጡኝ፣ የሆነውን ያህል ይሁን።" ተነሣች። እሳቸውም ተነሡ፤ ስትፈርም ኋላዋ ቆመው ትንፋሻቸውን ያዙ።

ቤት ሲደርሱ ሳሎኑ ጢም ብሏል። የጭነት መኪናው የአክስት ልጅ የመኪናውን ፎቶ ይዞ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ ነው። ልብስ ሰፊዋ እግሯ ከበሩ አላልፍ አላት። የተረፋት ክፍሉን ገዝቶ ጥቂት የሚተርፍ ነው፤ ይህን ለዚህ ሁሉ ሕዝብ እንዴት ታስረዳ? አጎቷ ትከሻዋን ነካ አድርገው ቀደሟት። ቀለማቸው ተመልሶ ነበር።

"ተቀመጡ፣ ተቀመጡ" አሉ። "ነገሩ እንዲህ ነው። ገንዘቡ በሠላሳ ዓመት ነው የሚከፈለው። ያውም ጤንነቷ በየጊዜው እየታየ። ጉንፋን የያዛት ዓመት ክፍያ የለም።"

"ኧረ በስመ አብ!" አሉ አክስት።

"ገና ምኑን ሰማችሁ! ከገንዘቡ የተበደረ ዘመድ ካለ እሱም ይፈርማል። እሁድ እሁድ ጣቢያው ድረስ እየሄደ ማጨብጨብ አለበት።"

የአክስት ልጅ ፎቶውን ዝቅ አደረገ። "እስከ መቼ?"

"ሠላሳ ዓመት።"

"ሠላሳ ዓመት ማጨብጨብ?"

"ቆሞ" አሉ ጋሽ ከውስጥ በሐዘኔታ።

የአክስት ልጅ ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። ቀጥሎ አንዱ፣ ቀጥሎ ሌላው ጫማውን ፈለገ። "እንዲያው ልያት ብዬ ነው" ያለው ሰውዬ ሳይቀር ወንበሩን ለቀቀ። ሳሎኑ ባዶ ሲሆን እናቷ ወንድማቸውን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው።

"አንተ ልጅ፣ እንዲህ መዋሸት ከማን ተማርክ?"

"መቼ ዋሸሁ እታለም? አብዛኛው ውሉ ላይ ያለ ነው" አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ክፍሉን ገዛች። የአክስቷን ጥርስ ከወራት በኋላ በራሷ ፈቃድ አሠራችላቸው። አጎቷ ከሥራ ሲወጡ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ለደንበኞቿ የዓለምን ነገር መተንተን ያዙ። ከሽልማት አከፋፈል ለቀዋል፤ አሁን ሙያቸው የእግር ኳስ አሠልጣኞች ደመወዝ ነው። ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ሰው የሦስት ክለቦችን ምስጢር ተሸክሞ ይወጣል። "እኚህን ሰውዬ እንዴት ትችያቸዋለሽ?" ይሏታል። እሷም ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "ምን ላድርግ፣ አጎቴ ናቸው" ትላለች።

በቅርቡ ጉሮሯቸውን ታመሙና ድምፃቸው ጨርሶ ጠፋ፤ ሐኪሙም ሳምንት ሙሉ እንዳይናገሩ አዘዘ። በርጩማው ባዶ ሆነ። "ዛሬስ እንዴት ሰላም ነው!" አለች አንዲት ደንበኛ። ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ብላ ወደ ሥራዋ ጎንበስ አለች፤ ሥራው ግን አልገፋ አለ። ዘፈኑ እምቢ አላት። የሱሪውን አንድ እግር ከሌላው አሳጥራ ሰፋችው። ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ ደግማ ፈታችው። መኪናውን ከደነችና በሩን ቆልፋ ወደ አጎቷ ቤት ሄደች።

አንገታቸውን በሻርፕ ተጠቅልለው አልጋ ላይ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ኳስ ያሳያል፤ እሳቸው በምልክት ከተንታኙ ጋር ይሟገታሉ። ሚስታቸው ቃል እንዳያወጡ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

ልብስ ሰፊዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። "ጋሼ፣ ይሄ ጥቁር ኮት የለበሰው አሠልጣኝ ስንት ይከፈለዋል?"

ዐይናቸው በራ። ሚስታቸው ወደ ወጥ ቤት ዞር እስኪሉ ጠበቁና በጣታቸው ጠሯት። ጆሮዋን ወደ አፋቸው አስጠጋች፤ እሳቸውም በሹክሹክታ፣ እየሳሉ፣ አንድ ቁጥር ነገሯት። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ደመወዝ እንደሌለ ልብስ ሰፊዋ ታውቃለች።

"ኧረ ጉድ ነው!" አለች ወንበሯን ይበልጥ እየሳበች። "ከዚያስ?"