ትርፉን የማያካፍል ማኅበር

ትርፍ ተካፈሉ ሲባል እንደ መርዶ የሚደነግጥ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔስ አያ ጥሩነህን አውቃለሁ።

በጣሊያን ጊዜ፣ ከአገሬ ከመንዝ ርቄ ደብረ ታቦር ስኖር፣ አምስት ሆነን አዋጣንና ከሐሙሲት ገበያ እህል የምትጭን በቅሎ ገዛን። አለቃችን እሳቸው ነበሩ። ትርፍ በተገኘ ቁጥር ሌላ በቅሎ ይገዙበታል።

«አያ፣ ድርሻዬን ይስጡኝ፤ የእናቴን ተዝካር ላውጣበት» አልኋቸው።

«እቴ፣ ትርፉን ከበላነው ያልቃል፤ ካቆየነው ይወልዳል።»

«በቅሎ ትወልዳለች እንዴ?»

«እናትሽ ደግ ሰው ነበሩ፤ ይታገሡናል።»

እናቴስ ትታገሥ ይሆናል፤ ጣሊያን ግን አልታገሠም። አንድ ማለዳ ለጦሩ ስንቅ መጫኛ ብሎ በቅሎዎቻችንን አንድ ሳያስቀር ነዳቸው። እኛ ስናለቅስ አያ ጥሩነህ ደረታቸውን ነፉ።

«ምን ያስለቅሳችኋል? ንግዳችን መንግሥት የሚጎመጅለት ሆነ እኮ! በሉ፣ ለአዲሷ በቅሎ አዋጡ። ያላዋጣ የቀድሞ ድርሻውም ይቀርበታል።»

የቱ ድርሻ? ብሎ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አማትቤ፣ ለተዝካሩ ጠላ ያኖርሁትን ጌሾ ሸጬ አዋጣሁ።

እናቴ እስካሁን እየታገሠችን ነው።