የመርክነህ ባሌስትራ

በእኛ አገር መኪና አይሞትም። ሌላው ዓለም መኪናው ሲያረጅበት ጨፍልቆ ይጥለዋል አሉ፤ እኛ ዘንድ ግን ጎማው በረባሶ ሆኖ ገበያ ይወጣል፣ ጭነት የሚሸከመው ባሌስትራ ተቀጥቅጦ ቢላዋ ይሆናል፣ ጋቢናው የዶሮ ቤት፣ የኋላ ወንበሩ ደግሞ ሻይ ቤት በር ላይ የጡረተኛ ማረፊያ። ሞተሩ? ሞተሩማ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። እናንተስ ብትሆኑ፣ ዛሬ ጠዋት ሽንኩርት የከተፋችሁበት ቢላዋ በወጣትነቱ ስንት አቀበት እንደወጣ በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ መኪና ሲበተን ማየት እኔን አያስደነግጠኝም። ያስደነገጠኝ የተበተነው መልሶ ሲሰበሰብ ነው።

የሰበሰበው መርክነህ ነው። መርክነህ ሶዶ ውስጥ ከቤቴ ጀርባ ብየዳ የሚሠራ ጎረቤቴ ነበር፤ እኔ ያኔ የዞን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጊዜው ሁሉም ሰው “ተደራጅ” የሚባልበት ጊዜ ነው። ወጣቱ በጥቃቅንና አነስተኛ ይደራጃል፣ ገበሬው በልማት ቡድን ይደራጃል፣ ያልተደራጀ ሰው ከተገኘ ስብሰባ ይጠራበታል። መርክነህ ግን ሰው ትቶ መኪና አደራጀ። ሻንሲው ከአሮጌ ላንድሮቨር፣ ሞተሩ ገደል ከገባ ፒክአፕ፣ ካምቢዮው ከየት እንደመጣ እሱም በደንብ የማያውቀው፣ ባሌስትራው ደግሞ ከጭነት መኪና። አራቱም ማንነታቸው ተከብሮላቸው በአንድ ግንባር ታቀፉ።

አንድ ቀን ጠዋት ሞተር ሲያጓራ ሰምቼ ጋቢዬን እንደደረብኩ ወጣሁ። ክው ብዬ ቀረሁ። መኪናው ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ቆሟል ስላችሁ ቁመቱን ነው የማወራችሁ። ጎማው ደረቴ ይደርሳል፤ በሩ ላይ ለመውጣት በርጩማ ያስፈልጋል።

“ይሄ ምን መኪና ነው?” አልኩት።

“የገሱባ መኪና ነዋ ጋሼ!” አለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ።

ገሱባ መባሉ በከንቱ አይደለም። የሚወዳት አስቴር ያለችው እዚያ፣ ኦፋ ወረዳ ውስጥ ነው። መርክነህ አስቴርን ለማግባት ቀደም ሲል ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባትየው አቶ ዳና፣ የሰፊ መሬት ባለቤት፣ “ብረት ሲለቃቅም ለሚውል ሰው ልጅ አልሰጥም” ብለው መለሷቸው። አሁን ደግሞ አንድ የቦዲቲ ነጋዴ ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ ደርሶናል። መርክነህ ያለው አማራጭ አንድ ነው፦ ነጋዴው ሳይቀድመው፣ የኦፋን ገበሬ ምርት በዚያ አባጣ ጎርባጣ መንገድ ወደ ሶዶ የሚያወጣ የራሱ መኪና እንዳለው ለአቶ ዳና ማሳየት። ለዚህ ነው ያንን ፍጡር የፈጠረው።

ባሌስትራው ላይ የደከመውን ድካም እኔ ነኝ የማውቀው። አንሶላ ይጨምራል፣ አንሶላ ይቀንሳል። የአልጋ አንሶላ እንዳይመስላችሁ፤ የባሌስትራውን ንብርብር ብረት ነው የምላችሁ። ከፍ ያደርገዋል፣ ዝቅ ያደርገዋል፣ ንዝረት የሚያበርደውን አሞርዛተር ፈትቶ ይገጥማል። በመጨረሻ ኋላውን በስኳር ድንች ጆንያ እስከ አፉ ሞልቶ፣ እኔን ከላይ አስቀምጦ፣ ድንጋይ የፈሰሰበት ሜዳ ላይ ነዳው። አቤት! እንደታዘለ ሕፃን እሹሩሩ ብሎ ወሰደኝ። ልተኛ ምንም አልቀረኝም።

የሽምግልናው ቀን ደረሰ። ሦስት ነን። ንግግር አዋቂው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ ቶማ፣ ጡረታ የወጡት መምህር ኢሳያስ፣ እና እኔ። መርክነህ አክብሮን መኪናውን አጥቦ፣ ጆንያውን ሁሉ አራግፎ፣ ኋላው ላይ ግራና ቀኝ የብረት አግዳሚ በይዶ፣ በላዩ ጥልፍ ጨርቅ አንጥፎ ጠበቀን። ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ወንበር ገና አልተገጠመም። ለአሥር ኩንታል የተስተካከለ ባሌስትራ ሦስት ሽማግሌ ሲጫንበት ምን እንደሚያደርግ ማንኛችንም አላሰብንም።

ምን ልበላችሁ! የጭነት መኪና ባሌስትራ ካልተጫነበት አይተጣጠፍም፤ ያቀበሉትን ሁሉ መልሶ ይወረውራል። ከከተማ እንደወጣን ጋሽ ቶማ መዝሙር ጀምረው ነበር፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ መዝሙሩ ጸሎት ሆነ፣ ከሁለተኛው በኋላ ቃሉ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ተረፈ። መምህር ኢሳያስ ኮፍያቸው በመጀመሪያ፣ መነጽራቸው ቀጥሎ ሄደ። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ በጣውላ ወንበር ላይ ግምገማ የተቀመጥኩ፣ ሂስ የዋጥኩ፣ መቀመጫዬ በመንግሥት ሥራ የተፈተነ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ወደ ላይ ስነሳ አግዳሚው ይከተለኛል፤ ስወርድ መንገድ ላይ እንገናኛለን። መርክነህ ከፊት “እንዴት ነው ጋሼ? ተመቻችሁ?” እያለ ይጮኻል።

የአቶ ዳና ደጅ ስንደርስ መርክነህ እንደ ወጉ ከመኪናው ጋር መንገድ ዳር ቀረ። እኛ እግራችንን እየጎተትን ገባን። አቶ ዳና በወላይትኛ ሰላምታ ከሰጡ በኋላ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ዞሩ፤ አማርኛ ሲናገሩ ሴትና ወንድ በመለየት ብዙ አይጨነቁም።

“ተቀመጡ” አሉ፣ ወደ አንድ ልሙጥ የዋንዛ አግዳሚ እያመለከቱ።

ጋሽ ቶማ አግዳሚውን አዩት። “አንቀመጥም” አሉ።

እናንተም እንደምታውቁት ሽማግሌ “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” ማለቱ ደንብ ነው። ይላል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሲለመን ይቀመጣል። አቶ ዳናም ይህንኑ ጠብቀው እንደገና ለመኑን። ሦስተኛ ለመኑን። ቆጮው ቀረበ፣ የሚያቃጥለው የበርበሬ ዳጣ ቀረበ፣ ሽታው አፍንጫችን ሥር መጣ። እኛ እንደቆምን ነን። ጋሽ ቶማ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ፤ ከመምህር ኢሳያስ ግንባር ላብ ይወርዳል።

“ቤቴን ንቃችሁ ነው?” አሉ አቶ ዳና ደንገጥ ብለው።

“ኧረ አይደለም” አሉ ጋሽ ቶማ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። “አስቴርን ለመርክነህ ብለን መጥተናል። መቀመጥ ግን... መቀመጥስ አንችልም።”

ያ ንግግር አዋቂ፣ ሶዶ ሳለ ሲያሰናዳው የከረመው ንግግር የነበረው ሰው፣ የተናገረው ይህንኑ ብቻ ነው። አቶ ዳና አንድ በአንድ አዩን። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ከባለቤታቸው ጋር ተንሾካሾኩ። በቃ፣ ልጅቷ ለቦዲቲው ነጋዴ ሄደች፤ መርክነህንም በገዛ ባሌስትራው ገደልነው አልኩ።

ሲመለሱ ዓይናቸው ረጥቧል።

“ፊት መርክነህ የላካቸው ሽማግሌዎች ገና ሳልጋብዛቸው ተቀመጡ” አሉ። “በልተው፣ ጠጥተው፣ ስለ ዝናብ አወሩ። ለልጁ ብሎ እንዲህ በእግሩ የሚሟገት ሰው እኔ አይቼ አላውቅም። ሰጥቻለሁ!”

ከደስታችን በፊት ግን ሌላ ድንጋጤ መጣ።

“በሉ እንግዲህ፣ አሁን ተቀመጡ።”

የጠየቀውን ያገኘ ሽማግሌ ካልተቀመጠ የተሰጠውን ናቀ ማለት ነው። መምህር ኢሳያስ አግዳሚውን ጅብ እንዳየ ሰው አዩት። አቶ ዳና ግን ደስታው አናግሯቸዋል፤ “ልጄ አስቴር እኮ ጨዋ ነው” ይላሉ። “ከመርክነህ ጋር መንገድ ላይ እንኳ ቆሞ አያውቅም። ያንን መኪና ዛሬ ገና ነው ያየው።”

ይህን እያሉ አስቴር ከጓዳ ወጣች። ክንዷ ላይ ሦስት ትራስ ደራርባለች። ማንንም ቀና ብላ ሳታይ አግዳሚው ላይ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ደለደለችና መሐሉን በቡጢዋ ጎድጎድ አደረገችው።

“ትራስ ደግሞ ለምንድነው?” አሉ አባቷ።

“ከመንገድ ነው የመጡት አባ” አለች፣ መሬት መሬት እያየች።

ከዚያ በእኔ በኩል ስታልፍ ጎንበስ ብላ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ “ጋሼ፣ በግራ ጎን ዘንበል ብለው ይቀመጡ” አለችኝ። “የመጀመሪያ ቀን እንደሱ ይሻላል።”

አቶ ዳናን አየኋቸው። ፈገግ ብለው ቆጮ ይቆርሱልኛል። በግራ ጎኔ ዘንበል ብዬ ተቀመጥኩ።

እውነትም ይሻላል።