የሚበወዝ ታሪክ

ሰው ተሰብስቦ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ሌላው ወሬውን ሲያሞቅ ቀዝቃዛ ውሃ የሚቸልስ አንድ ሰው አይጠፋም። በዚያ ማተሚያ ቤት ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት እትዬ ለምን ነበሩ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም።

ሥራቸው የታጠፉ ወረቀቶችን በተራቸው ደርድሮ ለመጽሐፍ ሰፊዎቹ ማቀበል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ገጽ ከገጽ ሲያስከትሉ ስለኖሩ፣ ከቦታው የወጣ ነገር ሲሰሙ ጥርሳቸውን ያማቸዋል። ዘበኛው ብስክሌቱ እንዴት እንደተሰረቀ ሊያወራ ከጎረቤቱ ሰርግ ቢጀምር፣ "ቆይ፣ ሙሽራዋ ናት የሰረቀችው?" ይሉታል።

"ኧረ አይደለችም እትዬ!"

"ታዲያ ለምን አመጣሃት? ወደ ቤቷ መልሳት።"

አንድ ኃላፊ ጡረታ ሲወጡ የሕይወት ታሪካቸው በተነበበበት ስብሰባ ላይም እትዬ እጃቸውን አውጥተው፣ "ሰውዬው በሁለተኛው አንቀጽ ተሸለሙ፣ በአራተኛው ተቀጠሩ። ለምን?" ብለዋል። ማልቀስ የጀመሩት ተሰናባች ሳይቀሩ ሳቁ።

የማተሚያ ቤቱ አራሚ ግን ትፈራቸው ነበር። ከሰው ብዙ የማትገጥም፣ ጥግ ይዛ የምታነብ ልጅ ናት። ልብ ወለድም ትጽፋለች። አንድ መጽሔት ሦስት ታሪኮቿን መልሶባታል። አራተኛው ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መግባት አለበት፤ "ይሄም ከተመለሰ፣ ሁለተኛ ብዕር ባነሳ እኔ አይደለሁም" ብላ ምላለች።

ሰኞ ዕለት እንደምንም ደፍራ አሥራ አንድ ገጿን ለእትዬ ለምን ሰጠች። ታሪኩ መስኮት ሥር ተቀምጦ ስለሚያዝን ሰው ነው። በመጀመሪያው ገጽ ያዝናል፤ በመጨረሻውም እንዲሁ።

በምሳ ሰዓት እትዬ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት። ሰፊዎቹ ማንኪያቸውን አስቀምጠው አዳመጡ። ወረቀት ቆራጩ "አንጀት ይበላል" አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አራሚዋ ባነነች።

"እትዬ፣ ከመሃል ነው እንዴ የጀመሩት?"

"ከዘጠነኛው። ከዚያ ሁለተኛውን፤ ከዚያ እጄ ያገኘውን።"

"ታሪኬን አበላሹት!"

"እንደ ካርታ በወዝኩት እንጂ ምን አጠፋሁ? ማንም አልጮኸም። አንቺም ቆይተሽ ነው የነቃሽው። የኔ ልጅ፣ ቋንቋሽ ማር ነው። ግን ይሄ ሰውዬ ለምን ተቀመጠ?"

"አዝኖ ነዋ!"

"ያዘነ ሰው አይነሣም?"

አራሚዋ ወረቀቷን ነጥቃ ወጣች። "ምን የማያውቁ አሮጊት ናቸው!" አለች በሆዷ። ደረጃውን ስትወርድ ግን ጥያቄውም አብሯት ይወርድ ነበር።

ማታ ገጾቹን አልጋዋ ላይ ዘርግታ እያንዳንዱን፣ "አንተ ባትኖር ምን ይጎድላል?" አለችው። አብዛኞቹ ምንም አልመለሱም፤ ቀደደቻቸው። የምትሳሳለትን የዝናብ ገጽ ስትይዝ እንባዋ መጣ፤ እሱንም ቀደደችው። ከዚያ ሰውዬውን ከመስኮቱ ሥር አስነሣችው። ከተጣላት ሁለት ዓመት የሆናትን የእህቱን የቤት ቁልፍ አስያዘችው፤ እህቱ በማግስቱ ለዘለቄታው ልትሄድ ነው። ስለዚህ መሄድ ግድ ሆነበት። ስለሄደ የግቢው ዘበኛ አስቆመው፤ ስላስቆመው ወንድሟ አይደለሁም ብሎ ዋሸ፤ ስለዋሸ እህቱ ፊት ሲደርስ እህቴ ብሎ መጥራት አቃተው። ሐዘኑ አልጠፋም፤ እግር አወጣ እንጂ።

ሦስት ቀን እንዲህ ስትቀድና ስትጽፍ ከርማ፣ ዓርብ በስምንት ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ገጽ ይዛ ከተፍ አለች። እትዬ ለምን በወዙትና ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ገጽ አልሄዱም።

"ይቆዩ፣ ይቆዩ" አለ ቆራጩ። "ዘበኛውን መቼ ነው የዋሸው?"

"እህትየው በር ከፍታለት አልነበር? እንዴት ተመልሶ ደጅ ቆመ?" አለች አንዷ ሰፊ። "እትዬ ገጽ ዘለዋል!"

"ተመስገን፣ ጮሃችሁ!" አሉ እትዬ፤ ፊታቸው ወገግ አለ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ የየገጹን አናትና ግርጌ እያዩ ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ደርድረው፣ ጠርዙን ሁለቴ መታ መታ አድርገው አቀበሏት። "ሩጪ፣ ሊዘጉብሽ ነው!"

ሮጠች። ገጾቹ ቁጥር እንደሌላቸው ትዝ ያላት የመጽሔቱ ቢሮ ስትደርስ ነው። በጥድፊያ ረስታዋለች፤ አራሚ ሆና! ተቀባይዋ አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋ ሌላውን ዘርግታለች። ነጠላ ሰረዝ እንኳ ሁለቴ ሳታይ የማታሳልፈው ልጅ፣ ከእትዬ እጅ የተቀበለችውን አምናቸው አንድም ገጽ ሳትገልጥ አስረከበች።