የወላጅ ጋቢ

አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ዘንድ ዕቃው ቢጠፋም የዕቃው ሕግ አይጠፋም። መናኸሪያው ሽንት ቤት ግቡ፤ ቧንቧው ከደረቀ ዘመን የለውም፣ በሩ ላይ ግን «ከተጠቀሙ በኋላ ውሃ መድፋት ግዴታ ነው» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። እኔ አሸዋና ጠጠር የምሸከምበት ሕንፃ መግቢያ ላይም «ያለ ሄልሜት መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ቆርቆሮ ተሰቅሏል። ሄልሜት ያለው መሐንዲሱ ብቻ ነው፤ እሱም ሲመጣ ከመኪናው ሳይወርድ አይቶን ይሄዳል። እንግዲህ በሕጉ ከሄድን እዚያ ሕንፃ ውስጥ ሰው የለም ማለት ነው። ፎቁ ግን ይወጣል። ማን እንደሚሠራው እግዜር ይወቅ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የቀን ሠራተኛ ነኝ። ሲሚንቶ ሲገኝ እሠራለሁ፤ ሲሚንቶ ሲጠፋ እንደኔ ካሉት ጋር መንገድ ዳር አካፋዬን ተደግፌ እቆማለሁ። ከትምህርት የወጣሁት ከዘጠነኛ ነው። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ ብዙም ታሪክ የለውም።

እህቴ ትርንጎ ግን ትማራለች። አሥረኛ ክፍል ናት። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባታችን ያለው ከገሳይ ወዲያ፣ ከመኪና ወርዶ ብዙ በእግር የሚኬድበት ቀበሌ ነው። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ስለሌለ እኔና እሷ እዚህ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። የኔ ደሞዝ ከኪራይ አያልፍም፤ የምንበላው ከገጠር የሚመጣውን ስንቅ ነው፣ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ። ቅዳሜ ትሄዳለች፣ እሑድ አዝላ ትመለሳለች። ከገጠር መጥቶ የሚማር ልጅ ሁሉ ኑሮው እንዲህ ነው። እሑድ ከሰዓት ወደ ከተማ የሚያስገባውን መንገድ ብታዩት ተማሪ ሳይሆን ከረጢት የሚራመድ ነው የሚመስላችሁ።

ታዲያ መንገድ ደግሞ ይዘጋል። ዝግ ነው ከተባለ ዝግ ነው፤ ማን ዘጋው፣ እስከ መቼ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ከጠየቀም ጤንነቱን እንጠራጠራለን። እሑድ መኪና ከሌለ ትርንጎ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ በእግሯ ትነሣለች። ሰኞ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሳይንስ ነው።

የሳይንሱ መምህር አስማረ ይባላል። ሌላ መምህር ስለጠፋ ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም የሚያስተምረው እሱ ብቻ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። መጀመሪያ የገባ ቀን የክፍሉን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጻፈና አስገለበጣቸው፤ ትርንጎም አልጋዬ ራስጌ ለጠፈችው። እኔ ሥራ ባጣሁ ቀን ጋደም ብዬ አነበዋለሁ። ከደወል በኋላ መግባት ክልክል ነው። ነጭ ጋዋን ያልለበሰ ላቦራቶሪ አይገባም። ኬሚካል መቅመስ ክልክል ነው። የተሰበረ ብርጭቆ በእጅ አይነሣም። ክፍል ውስጥ መተኛት አይቻልም። ያረፈደ ወላጅ ያመጣል፤ ወላጅ ያላመጣ ከክፍሉ ይሰናበታል። እውነቴን ነው፣ ወደድኩት። ልጆቹ ብርጭቆ እንዳይቆርጣቸው እንኳን የሚያስብ ሰው ነው አልኩ።

«ላቦራቶሪው ምን ይመስላል?» አልኳት አንድ ቀን።

«በሩ አረንጓዴ ነው።»

«ውስጡስ?»

«እኔ የማውቀው በሩን ነው» አለች።

ከዚያ የሚፈራው መጣ። መንገዱ እሑድ በእሑድ ይዘጋ ጀመር፣ እሷም ሰኞ በሰኞ ታረፍድ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ሰኞ ከረጢቷን እንዳዘለች ቤት ገብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። «ወላጅ አምጪ ተባልኩ። እስከ ዓርብ ካልመጣ በቃሽ አሉኝ።»

በቃሽ ማለት ለሷ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። አባታችን በፋሲካ ቁርጡን ተናግሯል፦ ትምህርቱ ከሆነላት ትማር፤ ካልሆነላት ግን የሚጠይቋት ሰዎች አሉ፣ ሰዎቹም በሬ አላቸው። አባታችን ጨካኝ ሆኖ አይደለም። ሰውየው ደክሞታል፤ የሚያየው የበሬውን ቀንበር ነው። ትርንጎ ከክፍሉ ከወጣች በሚቀጥለው ጥር ሙሽራ ናት፣ አለቀ።

ስልክ ደወልኩ። «አባየ፣ ትምህርት ቤት ይምጡ ብለዋል።»

«ስንዴው እኮ መሬት ተኝቷል ልጄ። አንተ የለህም እንዴ?»

«አለሁ።»

«እንግዲያ አለህ» ብሎ ዘጋው።

አሁን ስለ ጋቢው ልንገራችሁ። እኛ የምንቆምበት መንገድ ዳር አንድ ጋቢ አለ። መጀመሪያ የማን እንደነበር ተረስቷል። ከገጠር የመጣ ልጅ ወላጅ አምጣ ሲባል ወላጁ ያለው ተራራ ማዶ ነው፤ ስለዚህ ወደኛ ይመጣል። «ጋሼ፣ ወላጅ ይሁኑኝ» ይላል። ከመሃላችን ጢም ያለው ይመረጥና ጋቢውን ደርቦ ይሄዳል፤ ልጁ ሻይና ፓስቲ ይጋብዘዋል። በዚህ ሥራ ደሳለኝን የሚያህል የለም። አብሮኝ ጠጠር የሚሸከም፣ ቁመቱ የዘለገ፣ ገና ያላገባ ጎረምሳ ነው፤ ግን ሳል አለው። መምህሩ ፊት ቆሞ አንዴ ከሳለ፣ ሰባት ወልዶ አራቱን የዳረ ነው የሚመስለው።

«ተወው፣ እኔ ልሂድልህ» አለኝ ደሳለኝ።

«ኧረ ለምን ብዬ? እኔ እኮ የእውነት ወንድሟ ነኝ።»

«እሱማ ነው ችግሩ» አለ።

አልገባኝም። ዓርብ ጠዋት አለቃዬን አስፈቅጄ ሄድኩ። ከመምህራን ማረፊያው ፊት፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር፣ ወላጆች ተሰልፈዋል። ቀረብ ብዬ ሳይ ግማሹ የኛው ሰው ነው! ትናንት አብሮኝ ብሎኬት ያወረደው ሰው የአንዲት ልጅ አጎት ሆኖ ኮስተር ብሏል፤ ሰላም ስለው አላወቅሁህም አለኝ። ደሳለኝም ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላ ይዞ ከፊቴ ቆሟል፣ አጠገቡ አንድ የማያውቀው ተማሪ አለ።

መምህር አስማረ ወጣ። በዕድሜ ከኔ ትንሽ የሚበልጥ፣ የጫማው ሶል የተገነጠለ፣ ፊቱ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነው። ሕጉን ከላይ እስከ ታች አነበበልንና «ጥያቄ ያለው ወላጅ?» አለ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም።

«መምህር፣ ይቅርታ፤ ላቦራቶሪው መቼ ነው የሚከፈተው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ቁልፉ የነበረው ሰው ተዛውሯል» አለ። ሕጉን ያነበበበትን ወረቀት አጠፈና «ውስጡን እኔም አላየሁትም» አለ።

ወላጆች በሙሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወላጅ ለመሆን መጥተው የለ!

ተራው የደሳለኝ ሆነ። «የልጁ ምኑ ነዎት?»

«አባቱ!» ሳለ።

«ስሙን ይንገሩኝ።»

ደሳለኝ ስሙን አልጠየቀም ነበር ለካ። ሰማይ ሰማይ አየ። «እኛ ቤት አቡሽ ነው የምንለው» አለና ወደ ልጁ ዞሮ «አንተ! እኔ መሬት ስቧጥጥ አንተ እዚህ ታረፍዳለህ? ቤት ና ብቻ!» ብሎ ዱላውን አነሣ። መምህሩ ራሱ ገላገለ። አቡሽ ወደ ክፍሉ ገባ።

ደሳለኝ ሲያልፍ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ጋቢው ገና ሙቀቱ አልበረደም። መምህሩ ጋቢውን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተስ ምኗ ነህ?»

እኔ ጅሉ እውነቱን ተናገርኩ። «ወንድሟ ነኝ።»

«ወንድም ወላጅ አይደለም።»

«የማሳድራት እኔ ነኝ መምህር። ከኔ ሌላ እዚህ ማንም የላትም።»

«ሕጉ ወላጅ ነው የሚለው። አንተ እኮ ራስህ ገና ልጅ ነህ» አለ፤ የሰደበኝ ግን አልመሰለኝም። «አባትህን ይዘህ ና።»

ያንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ። ከትምህርት ለምን ወጣሁ ብያችሁ ነበር? ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ሰኞ አረፈድኩ፣ አባትህን ይዘህ ና ተባልኩ። አባቴ ያኔም አጨዳ ላይ ነበር፤ «በሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» አለኝ። ያ ሳምንት እስከ ዛሬ አልመጣም። አሁን አድጌ፣ ጢም ጀምሬ፣ ራሴ ወላጅ ሆኜ ስመጣ፣ ለወላጁም ወላጅ አምጣ ተባለ።

ትርንጎ ጽዱን ተደግፋ ታየኛለች። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ ወንድሜ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም። እኔን የሚጠይቁኝ ወላጅ መጣ ወይስ አልመጣም ብለው ነው። የማን ወላጅ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።» ከዚያ ጋቢውን እንደገና አየው። «እስከ ሰኞ ጠዋት እጠብቃለሁ።»

ይኸውላችሁ፣ ሰኞ ደሳለኝ የትርንጎ አባት ሆነ። እኔ አጥሩ ጥግ ቆሜ አያለሁ። እንደ ልማዱ ሳለና ጀመረ። «ይቺ ልጅ መምህር፣ እናቷ ከሞተችባት ወዲህ እኔ ነኝ እናትም አባትም የሆንኳት! አንጀቴን አስሬ ነው የማስተምራት! ሰው ትሁን ብዬ ነው!» ደሳለኝ ይህን ለሁሉም ልጅ ነው የሚለው፤ ስለ እናታችን ነግሬው አላውቅም። ትርንጎ ግን ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ተንሰቀሰቀች። ደሳለኝም ደነገጠ፤ እንዲህ ሠርቶለት አያውቅም። መምህሩ «በቃ፣ በቃ፣ ግቢ» አላት። ገባች።

ሻይና ፓስቲውን እኔ ጋበዝኩት። «ልጅህ ጎበዝ ናት» አልኩት። አልሳቀም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ። ትርንጎ ግን ሁለተኛ አላረፍድም ብላ ማለች። ሁለተኛ ላለማርፈድ መላው አንድ ነው፤ ገጠር አለመሄድ። ገጠር ካልተሄደ ደግሞ ስንቅ የለም። እኔ እለምናታለሁ፣ እሷ ሰኞ ሳይደወል ክፍል ውስጥ ናት። ድርቆሹ አለቀ፣ በሶው አለቀ፣ ቆሎዋን እየቆጠበች ጠዋት ጠዋት ውሃ ትጠጣበታለች። ሲሚንቶም እንደጠፋ ነው፤ እኔም የማመጣው የለኝ። ማታ ማታ ግን ደብተሯን ከፍታ ታነብልኛለች። ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል ይላል። እኔ እንጃ። የኔ ወደ ፎቁ ሄደ እንበል። የሷ ወዴት እንደሄደ ግን ሳይንሱ ይንገራችሁ።

በዚህ ሳምንት ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጻፈ፣ ትርንጎ ራሷን ዴስኩ ላይ አሳርፋ እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ክፍል ውስጥ መተኛት አይቻልም፤ አልጋዬ ራስጌ ተለጥፏል፣ አላውቅም አልልም።

ወላጅ አምጪ ተባለች። እስከ ዓርብ።

ወደ መንገድ ዳሩ ሮጥኩ። ደሳለኝ የለም፤ ጢም ያላቸውን ሁሉ አስከትሎ ማሽላ አጨዳ ብሎ ወደ መተማ ሄዷል። ቤት ገብቼ «አባትሽ መተማ ወረደ» አልኳት። ሳቀችም አለቀሰችም፣ ለይቼ አላውቀውም።

ጋቢውን ግን አግኝቼዋለሁ፣ ታጥቦ ተጣጥፎ አጠገቤ አለ። የጎደለው ሰው ነው። ከእናንተ መሃል ጢም ያለው፣ ትንሽ ሳል የሚችል፣ ዓርብ ጠዋት ሥራ የፈታ ካለ መንገድ ዳሩ ላይ አካፋዬን ተደግፌ ያገኘኛል። ስሟ ትርንጎ ነው፤ እሱን እንኳን እንዳትረሱት። ሻይና ፓስቲው በኔ ነው።